የገዘትከው ደጃፍ

ይድረስ ለኃይሉ፤

በደብዳቤ ወግ «ለጤናህ እንዴት ሰንብተሃል» ብዬ መጀመር ነበረብኝ፤ አንተ ባለህበት ጤና ምን ማለት እንደሆነ ስለማላውቅ ዘለልኩት። እኔ ደህና ነኝ። ያ ሁሉ የተፈራለት ደረቴም ደህና ነው፤ አስሙ በክረምት ያንቀኛል እንጂ እስካሁን አልገደለኝም። ከተለየኸኝ አራት ዓመት ከስምንት ወር ሆነ። እስካለፈው ወር ድረስ ወራቱን በናፍቆት ነበር የምቆጥራቸው። ከኅዳር ሚካኤል ወዲህ ግን በንዴት ነው። ያደረግከውን ሰማሁ፣ ኃይልዬ።

ቆይ፣ እደርስበታለሁ። ነገር ከጫፉ ስይዝ «አስኩ፣ ከሥሩ አውሪው» የምትለኝ አንተው ነበርክ።

ቤቱ እንደተውከው ነው። አሁንም አራተኛ ፎቅ ላይ ነኝ፤ ውሃውም አሁንም እኛ ጋ ለመድረስ ይደክመዋል። ቱሉ ዲምቱ ግን ሰው በሰው ሆኗል። አመሻሽ ላይ እጅህን ወደ ኋላ አጣምረህ የምትቆምበት ባዶ ሜዳ የሚኒባስ መጫኛ ሆኖ፣ ከንጋት ጀምሮ «አቃቂ፣ አቃቂ» ሲባልበት ይውላል። ሰው ስልህ የሚያልፍ ሰው ማለቴ ነው። የኮንዶሚኒየም ሰው ደረጃ ላይ ሰላም ይልሃል፣ ከዚያ በሩን ይዘጋል። አንተ ይህ ቀድሞ ገብቶህ ነበር። የአቃቂውን የፋብሪካ ሰፈር ለቀን በገባን በሳምንቱ «ቤት አገኘን እንጂ ሰፈር አላገኘንም» አልከኝ። እኔ በአዲሱ የወጥ ቤት ገንዳ ደስ ብሎኝ ስለነበር አልሰማሁህም።

ሰፈር ወደ እኛ የሚመጣው በማኅበሩ በኩል ነበር። ልጅ አልሰጠንም፤ ሰው ስለ ልጅ ሲጠይቅህ ግን አንገትህን ደፍተህ አታውቅም። «ልጅ ባይኖረን ማኅበር አለን» ትል ነበር። አሥራ ሁለት ቤት ሆነን፣ ወር በገባ በአሥራ ሁለት ቀን ሚካኤልን እየዘከርን፣ ጽዋው ከአንዱ ቤት ወደ አንዱ ቤት እየዞረ፣ ለእኛ በዓመት አንዴ ተራው ይደርሰን ነበር። ያን ቀን አንተ ከበዓሉ ሁለት ቀን በፊት ጀምረህ ወንበር ትቆጥራለህ። ወንበሩ ስድስት ነው፤ ብትቆጥረው አይጨምር። ቢሆንም ትቆጥረዋለህ።

ያቺን መጋቢት ታስታውሳታለህ? ኮሮናው ቀለል አለ ተብሎ፣ ማኅበርተኛው ከብዙ ጊዜ በኋላ ጋሽ ዘለቀ ቤት ተሰበሰበ። ማኅበሩን በሙሴነት የሚመሩት እሳቸው ስለሆኑ ጽዋውን በእጃቸው አንስተው ለአንተ ሰጡህ፤ የሚቀጥለው ወር ተራ የእኛ ነበርና። በነጠላ ሸፍነህ ጉልበትህ ላይ አስቀምጠህ በሚኒባስ ስንመለስ፣ ሾፌሩ ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር «ቀስ በል ወንድሜ፣ ሚካኤልን ይዣለሁ» ስትል ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቤት ደርሰህ ቡፌው ላይ አስቀመጥከው። እዚያው ነው የቀረው፤ ያስቀመጥክበት እጅ ግን በአሥራ አምስት ቀኑ ትኩሳት ጀመረው።

ሆስፒታል ሲያስገቡህ ከበሩ መለሱኝ። ሦስት ቀን በስልክ ብቻ ነበር የማገኝህ። «ከቤት እንዳትወጪ፣ ሰውም እንዳታስገቢ፣ ደረትሽን ጠብቂ» ትለኛለህ፤ ትንፋሽ እያጠረህ ስለ እኔ ትንፋሽ ታወራለህ። በአራተኛው ቀን ስልኩን ያነሳው ሌላ ሰው ነው።

ፍትሐት ተደረገልህ። ድንኳን ግን አልተተከለልህም። ማኅበርተኞቻችን ማስክ አድርገው፣ ከመቃብሩ ርቀው፣ ከቅጥሩ ሥር ቆመው አየኋቸው። ጋሽ ዘለቀ እጃቸውን ወደ እኔ አነሱና መልሰው አወረዱት። ከዚያ ተበተኑ። ያኔ አልከፋኝም፤ ጊዜው ነው ብዬ ነበር።

ከተቀበርክ በሳምንቱ አሥራ ሁለት ቀን ሆነ። ተራችን አልነበር? ጠላ የሚጠመቅበት ልብ ስላልነበረኝ ከታች ካለው ሱቅ ዳቦ ገዛሁ፣ ጽዋውን በውሃ ሞላሁት፣ ወንበሮቹን ቆጠርኩ። ስድስት ናቸው። እስከ አሥር ሰዓት በሩን ገርበብ አድርጌ ጠበቅኩ። ማንም አልመጣም። በግንቦትም አልመጣም። በሰኔም። መጀመሪያ ሰሞን አንዳንዶቹ ደውለው «አይዞሽ» ይሉ ነበር፤ መቼ ትመጣላችሁ ስላቸው ግን መስመሩ ይበላሽባቸዋል። ቀስ በቀስ ስልኩም ቀረ።

አንተ ብትኖር «ለምን ራስሽ አልደወልሽም፣ ለምን ራስሽ አልሄድሽም» ትለኝ ነበር። ለምን እሄዳለሁ? ጽዋው ያለበት ቤት ጠሪ አያስፈልገውም፤ ማኅበር የሚሄደው ጽዋው ወዳለበት ነው። ይህን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ደግሞም ኩራቴን ታውቀዋለህ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። የኮሮናው ነገር ተረስቶ፣ ሰው ሠርግ እየደገሰ፣ ገበያው ጢም ብሎ እያየሁ፣ የእኔን ደጃፍ ብቻ ማን እንደዘጋው አላውቅም ነበር። በሁለተኛው ዓመት አቃቂ ገበያ አንዲት የድሮ ጎረቤት አግኝታኝ፣ ማኅበሩ አዲስ ጽዋ እንደገዛ ነገረችኝ። የያዝኩት ሽንኩርት ከእጄ ወደቀ። ባል ሞቶብኝ እንዲያ አልተሰማኝም ብልህ ውሸት ይሆናል፤ ግን ወደዚያ የተጠጋ ነገር ነው። እኔን ከነጽዋዬ ነበር የተዉኝ።

በየወሩ በአሥራ ሁለት ግን አላቋረጥኩም። ለማን ብዬ እንደሆነ እንጃ፤ መጀመሪያ በእልህ ነበር። ዳቦዬን ቆርሼ፣ ጽዋውን ሞልቼ፣ ስምህን ጠርቼ፣ አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ ብቻዬን እቀመጣለሁ። ከሚካኤል ጋር እንደ ጎረቤት ተጣልቻለሁ። «ስምህን ይዘው ነው የሚዞሩት፣ አንድ ቀን እንኳ እግራቸውን ወደዚህ ብታዞር ምን አለበት» እያልኩ ሥዕሉ ላይ ጮኼበታለሁ። ብቻህን ስትጮህ ደግሞ አንድ የሚገርም ነገር አለው፤ የሚሰማህ ያለ ይመስልሃል። ከጩኸቱ በኋላ ቤቱ ባዶ አይመስለኝም ነበር። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለአንተ ብቻ ነው።

የጮህኩት ለካ በግድግዳው በኩልም ይሰማ ኖሯል። ከአጠገባችን ያለውን ቤት ሦስት የፋብሪካ ልጆች ተከራይተውታል፤ ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የሚሰፉ ናቸው። አንዷ፣ ዓለሚቱ የምትባለው፣ ከደቡብ የመጣች ጴንጤ ናት፤ እሑድ ፈረቃ ስለሚያስገቧት ቤተ ክርስቲያኗን ግድግዳችን ላይ ነው የከፈተችው። ጠዋት ጠዋት መዝሙር ስትለቀው ቡፌው ይንቀጠቀጣል። በመጥረጊያ እንጨት ግድግዳውን እደበድባለሁ፤ እሷ ድምጿን ቀነስ ታደርግና መልሳ ትረሳዋለች። አንድ አሥራ ሁለት ቀን ስጮህ ሰምታ በሩን አንኳኳች። ከፈትኩላት። ዓይኔ ቀልቷል፣ ዳቦው ተቆርሷል፣ ስድስቱ ወንበር ባዶውን ተደርድሯል። «ነይ፣ ዝክር ቅመሺ» አልኳት።

«ማዘር፣ እኛ እኮ ዝክር አንበላም» አለች።

በሩን ልዘጋባት ነበር። ሚካኤል ደግሞ የላከልኝን ሰው ተመልከት አልኩ በሆዴ። ልጅቱ ወንበሮቹን አየች፣ እኔን አየችና «እንግዲህ ለዳቦነቱ እበላለሁ» ብላ ገብታ ተቀመጠች። ከፈረቃ መምጣቷ ነበር፤ ግማሹን ዳቦ ጨረሰችው። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ትመጣለች። ስትገባ «ማዘር፣ ለዳቦነቱ ነው» ትላለች፤ እኔም «ለዳቦነቱ ግቢ» እላታለሁ። በሃይማኖታችን አንግባባም። አንድ ጊዜ ስለ ጠበል ተከራክረን ሳምንት ተኮራርፈናል። ግን ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ያለው ሰው አራተኛ ፎቅ ኖሮ ያውቃል።

ዳዊት ትደግምበት የነበረውን ሰዓት ቤቱ እንደለመደው ታውቃለህ። አንተ በግዕዝ ስትደግም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ድምፅህን እንጂ ቃሉን ሰምቼው አላውቅም። ዓለሚቱ ያንኑ በስልኳ በአማርኛ አንብባልኛለች። ኃይልዬ፣ ለካ በየማለዳው ስታለቅስ ነበር! ብቻውን የቀረ ሰው፣ ወዳጆቹ የራቁት፣ ወደ እግዚአብሔር አቤት ሲል ነው ለካ ያ ሁሉ። ጸሎትህ ያለቀሰልኝ እኔ ብቻዬን ከመቅረቴ በፊት ነው አልኩ፤ ልቤ ተጽናና። ይህን ያልኩት ያደረግከውን ከመስማቴ በፊት ነው።

አሁን እንግዲህ ወደ ኅዳር ሚካኤል ልምጣ። ዘንድሮ በቃኝ አልኩ። በእልህ የተቀመጠ ጽዋ ለእኔም ለሚካኤልም አይሆንም፤ ወስጄ እጃቸው ላይ አኑሬ፣ «ጽዋችሁን እንኩ፣ እኔንም ከመዝገባችሁ ሰርዙኝ» ብዬ ልመለስ ቆረጥኩ። በነጠላህ ጠቀለልኩት። ዓለሚቱ ደረጃውን እጄን ይዛ አወረደችኝና ሚኒባሱ ላይ አሳፈረችኝ። ጉልበቴ ላይ ይዤው ስሄድ፣ ጉድጓድ ውስጥ ስንገባ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ አላልኩትም። አቃቂ ወርጄ፣ ሣር የበላውን የባቡር ሐዲድ ተሻግሬ፣ ጋሽ ዘለቀ በር ደረስኩ።

ራሳቸው ከፈቱ። አርጅተዋል፤ በምርኩዝ ነው የቆሙት። እኔን ሲያዩ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። ሁለት እርምጃ! እንደ ለምጻም። ነጠላውን ገልጬ ጽዋውን ዘረጋሁላቸው፤ እጃቸውን አላነሱም።

«አስካለ ልጄ፣ አትቅረቢኝ» አሉ፤ «ግዝት አለብኝ።»

ያኔ ነው የሰማሁት። ሆስፒታል ሆነህ፣ በሁለተኛው ቀን፣ ደውለህላቸዋል። «የአስኩ ደረት ደካማ ነው፤ ይህ በሽታ ካገኛት አትተርፍም። እኔ ወጥቼ ራሴ እስክጠራችሁ ድረስ ማናችሁም ደጃፏን እንዳትረግጡ፣ አጠገቧም እንዳትደርሱ፤ በቅዱስ ሚካኤል ገዝቻችኋለሁ። እንዳትነግሯትም፣ ታኮርፋለች» ብለሃል። ከዚያ ሳትወጣ ቀረህ። ሳትጠራቸው ቀረህ። የገዘተው ከሞተ ግዝቱን ማን ይፍታው? አሥራ አንድ ቤት ሙሉ ሰው ተሰብስቦ፣ የሙት ቃል አይታጠፍም፣ ሚካኤልም አይቀለድበትም ብሎ አራት ዓመት ከምናምን እግሩን ሰበሰበ። በየወሩ በአሥራ ሁለት የአንተን ስም ለነፍስ፣ የእኔን ስም ለጤና ይጠሩ እንደነበር ነገሩኝ። ስሜን ሲጠሩ ኖረዋል፤ እኔን ሳይጠሩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት ይህን ነው።

ምን እንዳልኳቸው ልንገርህ። «ደጃፏን አትርገጡ አለ እንጂ፣ ደጃፋችሁን አትርገጥ አለ ወይ?» አልኳቸው። ግዝቱ እነሱ እግር ላይ ነበር እንጂ እኔ እግር ላይ አልነበረም። «ተራሽ ነውና አንቺ ነይ» የሚል አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ በሚኒባስ ሃያ ደቂቃ ነው። ይህን ከመካከላቸው አንድ ሰው እንኳ አላሰበውም። ጋሽ ዘለቀ በራቸው ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው እንደ ሕፃን አለቀሱ። እኔ አላለቀስኩም። በእሳቸው መናደድ ፈልጌ አቃተኝ፤ ንዴቴ እሳቸውን አልፎ ወደ አንተ ሄደ።

ምን ነበር የፈራኸው? እንድሞት? ሞት ምን እንደሆነ አሳየኸኝ እኮ፤ ሞት በወር በአሥራ ሁለት ስድስት ወንበር ደርድሮ መጠበቅ ነው። አንተ ደረቴን አዳንክና የደረቴን ውስጥ ገደልከው። እኔን ጠይቀኸኝ ቢሆን፣ «አስኩ፣ ሰው ልከልክልሽ ወይስ ሰው ይምጣና የሆነው ይሁን?» ብለኸኝ ቢሆን፣ መልሴን ታውቀው ነበር። ስለምታውቀው ነው ያልጠየቅከኝ። ለአንተ ፍትሐት ተደርጎልህ ተፈትተህ ሄድክ፤ እኔን አስረኸኝ። ይህን በመጻፌ ይቅርታ አልጠይቅህም።

ጋሽ ዘለቀን ይዤ፣ እሳቸው ከኋላዬ አሥር እርምጃ ርቀው እየተከተሉኝ፣ ወደ ድሮው ደብራችን ወደ ንስሐ አባታችን ሄድን። መንገደኛው እብዶች ሳንመስለው አልቀረንም። አባ ነገሩን ሰምተው መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ ተቆጡ። መግዘት የካህን ነው፣ ምእመን ማንን ይገዝታል፣ ደግሞስ በሚካኤል ስም ሰው ከሰው ይገናኛል እንጂ ይለያያል ወይ፣ ለምን በመጀመሪያው ወር አልጠየቃችሁኝም ብለው ሽማግሌውን ገሠጿቸው። ጋሽ ዘለቀ «ሙቱን አፍሬ ነው፣ አባቴ» አሉ። በመስቀላቸው ባርከው ፈቷቸው። ጋሽ ዘለቀ ወደ እኔ መጡና ግንባሬን ሳሙኝ፤ እኔ ያለቀስኩት ያኔ ነው። ከሞትክ ወዲህ የማኅበርተኛ እጅ ሲነካኝ የመጀመሪያው ነበር።

ስንወጣ አባ ለብቻዬ ጠሩኝ። «የእነሱን እኔ ፈትቻለሁ፤ የቀረው የአንቺ ነው። እሱ ያሰረው በፍቅር ነው፣ አንቺ ግን በቂም ይዘሽዋል። እስክትፈቺው ድረስ እሱም አያርፍ፣ አንቺም አታርፊ» አሉኝ። እሺ አላልኳቸውም። አንድ ወር ሙሉ እሺ አላልኩም።

ዛሬ ታኅሣሥ አሥራ ሁለት ነው። ተራችን ነው፣ ኃይልዬ፤ አራት ዓመት ከስምንት ወር የዘገየ ተራ። ከአሥራ ሁለቱ ቤት የቀረነው ሰባት ነን፤ አንዳንዱ ልጆቹ ዘንድ ሄዷል፣ አንዳንዱ አንተ ዘንድ መጥቷል። ጠላውን እዚሁ ፎቅ ላይ ጠመቅኩት፤ ደረጃው በሙሉ ሸቶ የታችኛው ጎረቤት ማጉረምረም ጀምሯል። አዲሱን ጽዋ ለደብሩ ሰጥተውታል። አሮጌው እፊቴ ነው፤ አንድ ጠርዙ ሸርፏል፣ መቼ እንደሆነ አላውቅም። ዓለሚቱ ፈረቃዋን ለወጠች። ጋሽ ዘለቀን በየፎቁ አሳርፋለሁ ብላ ከቤቷ ወንበር ይዛ ከታች ቆማለች፤ «ለወንበርነቱ ነው ማዘር» አለችኝ። ወንበሮቹን ቆጠርኩ። ስድስት ናቸው፣ የእሷ ሰባት። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበቃ ይመስለኛል፤ እኔ መቼም አልቀመጥም።

ከታች ድምፅ ይሰማኛል፤ እየመጡ ነው። ስለዚህ ልጨርስ።

በየወሩ በአሥራ ሁለት፣ እጄ ዳቦ መቁረስ እስኪያቅተው ድረስ፣ ስምህን አስጠራለሁ። ስድቡን ቀነስ አድርጌ። አልረሳህም፤ መርሳት ብችልማ ባልተናደድኩ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር፣ ስንጣላ እንኳ፣ ያ ወጡ ያረረ ቀን እንኳ፣ እፈታሃለሁ የሚል ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ዛሬ ግን በቅዱስ ሚካኤል ስም፣ በዚህ ጽዋ ፊት፣ ፈትቼሃለሁ። እረፍ።

ሚስትህ፣
አስካለ